ምርቃቱ ይቆየን

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከዝናብ ቢሸሽ ማንም አይፈርድበትም፤ ከሰው መሸሽ ግን አያምርበትም። አቶ እንደሻው ከነሐሴ ወር ጀምሮ አንዲትን ልጅ ሲሸሹ ከረሙ። ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ፤ ቀርባ ከተገኘች መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ይጀምራሉ። አንድ ቀንማ እሷ እስክታልፍ ብለው ጉልት ላይ ቁጢጥ ብለው የማይፈልጉትን ሽንኩርት ሲያገላብጡ፣ ሻጯ ተቆጥታ አስገዝታቸዋለች። በመስቀል ማግስት ሰሞን ግን ፈረስ መጋላ መሐል ዝናብ ያዛቸውና፣ ሮጠው የተጠለሉበት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ያቺው ልጅ ቆማ አገኟት። ዝናቡ ጨከነ፣ ባጃጆቹም ጠፉ። መሸሻ የለም።

ልጅቷ ሀቢባ ትባላለች። የሟቹ የአብዱልፈታ ልጅ ናት። አብዱልፈታና አቶ እንደሻው አጥር የሚዋሰኑ፣ ሚስማርና መዶሻ የሚዋዋሱ የዕድሜ ልክ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሀቢባ አስተዳደር ተምራ እዚያው ፈረስ መጋላ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ሥራዋም የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። አቶ እንደሻው ደግሞ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። በሐረር የእሳቸው እጅ ያላሸገው ቁስል ጥቂት ነው። ከጡረታ ወዲህ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ያለው የሰፈራቸው መረዳጃ ማህበር ሊቀመንበር ሆነው ይኸው አሉ። ማህበሩ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ያቀፈ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል።

"አባባ እንደሻው! ይጠጉ እንጂ፣ ኧረ በሰበሱ!" አለች ሀቢባ ክንዳቸውን ይዛ።

"ደህና ነሽ ልጄ? እናትሽስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ምን ይዘው ነው እንዲህ በደረትዎ አቅፈው የሚሸሽጉት?"

በላስቲክ ማህደር ያቀፉት የእሑዱ ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ነበር። አጠገባቸው ካለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስተይበው መውጣታቸው ነው። አቶ እንደሻው ደስ አላቸው፤ ከሌላው ወሬ ይህ ይሻላል ብለው ሰጧት። አቤት ሰው ራሱ ጉድጓዱን ሲቆፍር እንዴት ይፈጥናል!

ሀቢባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። "በቸሩ ፈጣሪ ፈቃድና በአባላቱ መልካም ትብብር የዘንድሮው ዓመት ያለ አንዳች እንከን በሰላም ተጠናቋል።" ሳቀች። "አባባ፣ ይህቺን ነገር እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ ስብሰባ ሲያመጣኝ በቃሌ አውቃት ነበር እኮ!"

"ጸሐፊው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጧታል። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይለውጣል። ምን ነውር አለው? ዳዊትስ በየዓመቱ ይቀየራል እንዴ?"

"ዳዊት የተጻፈው አንዴ ነው። ዓመቱ ግን በየዓመቱ ሌላ ነው።" ሳቋን አቆመች። "ያለ አንዳች እንከን፣ አባባ? አባቴ የሞተ ዕለትስ?"

አቶ እንደሻው መነጽራቸውን አወለቁ። የሸሹት ይህንን ነበር። አብዱልፈታ የሞተው በነሐሴ ዝናብ ነው። ለተእዚያ፣ ለለቅሶው፣ የመጣው ሰው ሁሉ ከሁለት ዛፍ ጋር በታሰረ ላስቲክ ሥር እየበሰበሰ ተቀምጦ ዋለ። የማህበሩ ድንኳን አልመጣም። ያን ዕለት አቶ እንደሻው "ድንኳኑ ጥገና ላይ ነው" አሉ። አሁንም አፋቸው የለመደውን አወጣ፦

"ድንኳኑ እኮ ጥገና ላይ ነበር ልጄ።"

"እስከ ዛሬ?"

ሀቢባ ከሱቁ ጎን ወዳለችው ሻይ ቤት ይዛቸው ገባች፤ ሻይም አዘዘች። የአባቷ ወዳጅ ናቸውና ክብራቸውን አላጓደለችም፤ ግን ያሰበችውንም አልተወችም።

"አባባ፣ እርስዎን ማንም ደፍሮ አይነግርዎትም። እኔ ልንገርዎት። ሰፈሩ ድንኳኑን ነስሮ ሸጦታል ነው የሚለው።"

"ማን?"

"ነስሮ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ እሱ ግቢ አይደል? እትዬ ሮማነወርቅ ጎህ ሲቀድ አንድ ባጃጅ ሸራ ጭኖ ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ለጅጅጋ ነጋዴ ሸጠው ተባለ፣ በዚያው ሱቁን አሳደሰ ተባለ። ሰው ሰላምታ ነፍጎታል። እኔም ወላሂ፣ የአባቴ ሐዘን ላይ ያን ዝናብ ቀምሼ፣ ሳገኘው ፊቴን አዞርኩበት። እሑድ ስብሰባው ላይ ከማህበሩ ስንብት ሊጠይቅ ነው። እሱን የሚያምኑት አብረውት ይወጣሉ። የማያምኑት ደግሞ ሊቀመንበሩም ያውቃል ብለው የራሳቸውን ማህበር ሊያቆሙ ነው። የአባቶቻችን ማህበር ከእሑድ አያልፍም።"

አቶ እንደሻው ቁጣም እፍረትም አንድ ላይ መጣባቸው። ነስሮ ጊደር መጋላ ቅመም የሚነግድ፣ ከግቢው አንዱን ክፍል ለማህበሩ ያለ ኪራይ የሰጠ ሰው ነው። ድንኳኑን አልሸጠም። አለመሸጡን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

"ውሸት ነው!" አሉ ጠረጴዛውን መትተው። "ውሸት! ድንኳኑ በስብሶ ነው!"

የሻይ ቤቷ ሰው ዞሮ አያቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ሁሉንም ነገሯት። በሐምሌ አንድ ለቅሶ ላይ ውለው ድንኳኑ ሲነቀል ዝናብ መጣ። የማህበሩ ዕቃ ጠባቂ ደምሴ እርጥቡን ሸራ እንዳለ አጣጥፎ ግምጃ ቤት አስገባው። ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣል ተብሎ ተረሳ። ለአብዱልፈታ ሊያወጡት ሲከፍቱ ሸራው ሻግቶ፣ በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል፤ አይጥም ጎጆ ሠርቶበታል። የነበሩት ሦስት ሰዎች፦ ደምሴ፣ ነስሮና እሳቸው። ሽታው የነስሮን ግቢ ስላስቸገረ በማግስቱ ንጋት ላይ ደምሴ በባጃጅ ወስዶ ጣለው። እትዬ ሮማነወርቅ ያዩት እሱን ነው።

"ታዲያ ለምን አልተነገረም?" አለች ሀቢባ።

"እንዴት ይነገራል ልጄ! ደምሴ የድሃ ድሃ ነው። በአደባባይ ከወጣ ከሥራው ያባርሩታል። ገመና ይሸፈናል እንጂ በጉባኤ ይዘረገፋል? ለነስሮም ለደምሴም፣ አደራችሁን ከዚህ ክፍል አይውጣ ብዬ አስማልኳቸው።"

ሀቢባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አስማሉት? ነስሮ ስሙ ሲጠፋ ዝም ያለው ቃል ስለሰጠዎት ነው?"

አቶ እንደሻው ይህን አላሰቡትም ነበር። ሰው አንዳንዴ የገዛ ሥራውን ዋጋ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲናገረው ነው። ግን አዛውንት በአንድ ጊዜ አይረታምና ክርክራቸውን ቀጠሉ።

"ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጊዜ ብንሰጠው ወሬው ራሱ ይሞታል።"

"ሸራው የነቀዘው በምን ሆነና አባባ? ተጣጥፎ፣ ተሸፍኖ፣ ዝም ተብሎ እኮ ነው። አስጥተውት ቢሆን አንድ ቀን ፀሐይ ይበቃው ነበር። ወሬም እንዲሁ ነው። እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ጥያቄው አልሞተም፤ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ሄደ። ያገኘውም ነስሮን ነው።"

"እሺ፣ ልክ ነሽ እንበል። ሊቀመንበር ተነሥቶ ጥፋታችን ይኸውላችሁ ካለ ማን ያከብረዋል? ነገ ማን መዋጮ ይከፍላል?"

"ሰው መዋጮ የሚያቆመው ጥፋት ስለሰማ አይደለም፤ ስላልሰማ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ አለቃዬ የሚጠይቀኝ የተሳካውን ብቻ አይደለም። አምና ምን እናደርጋለን ብላችሁ ነበር፣ የቱ ተሠራ፣ የቱ ቀረ፣ የቀረው ለምን ቀረ፣ ኃላፊው ማን ነው፣ ከእንግዲህስ ምን ታስቧል ይለኛል። መጀመሪያ ጊዜ ጠላት መስሎኝ አለቀስኩ። አሁን ገባኝ። ሪፖርት ማለት አደራ መመለስ ነው። አንድ ሰው በግ አደራ ሰጥቶዎት ሄዶ ሲመለስ፣ ዓመቱ በሰላም ተጠናቋል ብለው ይሸኙታል? በጉ የታለ ይልዎታል!"

አቶ እንደሻው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ልጅቷ የአባቷን አፍ ይዛለች።

"የኛ ጉባኤ ግን የመሥሪያ ቤት አይደለም" አሉ። "የኛ ወግ አለው። ሪፖርት ይነበባል፣ ሐጂ ዓብዱላሂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ይመርቁናል፣ አሜን ይባላል፣ ከዚያ ሻይና ሳምቡሳ ነው። ከምርቃት በኋላ ጥያቄ ማንሣት ምርቃቱን መርገጥ ነው። ነውር ነው።"

"እኔም እሱን ነው የምለው። ጥያቄ ከምርቃት በፊት አይኖርም፣ ሪፖርቱ እንዳለቀ እጅ ይዘረጋልና። ከምርቃት በኋላም የለም፣ ነውር ነውና። ታዲያ ሰው መቼ ይጠይቅ? መንገድ ላይ ነዋ! ጓዳ ውስጥ፣ ገበያ ላይ። ሐሜት እኮ ቦታ ያጣ ጥያቄ ነው አባባ።"

አቶ እንደሻው የመሯቸውን ጉባኤዎች አስታወሱ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጥያቄ ያልቀረበው አባላቱ ስለረኩ ነው ብለው ይኮሩበት ነበር። ለሚስታቸው ሳይቀር፣ እኔ የምመራው ስብሰባ እንደ ቅዳሴ ነው እያሉ ተናግረዋል። የሐጂን ዱዓ እንደ ክዳን ሲጠቀሙበት ኖረዋል እንጂ! ሐጂ ዓብዱላሂ በዚህ የሉበትም፤ ምረቁ ሲባሉ መረቁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ሀቢባ ቀስ ብላ። "እርስዎ ድሬሰር ነበሩ። መግል የያዘ ቁስል ሲመጣልዎት፣ ሰውየው እንዳያፍር ብለው ሳያጥቡ ያሽጉለት ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ! እግሩ ይቆረጣላ!"

ብለው ሳይጨርሱ ገባቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሀቢባ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው ልባቸውን የወጋው።

"ደምሴን እኔ አውቀዋለሁ። ዕቃ የሚያባክን ሰው አይደለም። ዝናብ ላይም ቢሆን ሳያሰጣ አያጥፍም። እርጥቡን እጠፈው ያለው ማን ነው?"

አቶ እንደሻው ወደ በሩ አዩ። ዝናቡ አባርቶ ባጃጆቹ መመላለስ ጀምረዋል። ያን የሐምሌ ምሽት አስታወሱ። ደምሴ ሸራውን ይዞ "ይስጣ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እኔ አጥፈዋለሁ" ብሎ ነበር። እሳቸው ናቸው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ ጉልበታቸው እየጠዘጠዛቸው፣ "ተወው አቦ! አስገባውና እንሂድ፣ ነገ ይሰጣል" ያሉት። በማግስቱም የሚያሰጣ ሰው ያልላኩት እሳቸው ናቸው። በደምሴ ገመና ስም ሲሸፍኑ የከረሙት የራሳቸውን ኖሯል።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኝ ልጄ። አባትሽን በዝናብ የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

ሀቢባ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን እጃቸውን ያዘች። "አባቴ ዝናብ አልፈራም። ይህን እሑድ ይንገሩ እንጂ እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ።"

ከሻይ ቤቱ እንደወጡ አቶ እንደሻው ወደ ቤት አልሄዱም። ቁልቁል ወደ ጊደር መጋላ ወረዱ። ነስሮ በእርድና በአብሽ ጆንያዎች መሐል ተቀምጦ አገኙት። ገበያተኛ የለውም። ሲያያቸው ብድግ ብሎ በርጩማ አቀረበ።

"ነስሮ፣ ሰው የሚልህን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን እውነቱን አትናገርም ነበር? ለምን እኔ ዘንድ መጥተህ አትጮኽብኝም?"

ነስሮ የእርድ ብናኝ የያዘ እጁን ጠረገ። "አደራ ብለውኝ ነበር እኮ ጋሼ። አማና ነው። አማና በሰው ፊት ሲከብድ ይፈታል የሚል አልተማርንም። እርስዎ እሑድ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሪፖርቱ እንዳለቀ ሰማሁና… ጸሐፊው እንደ አምናው ነው አለኝ። ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እኔ ሌባ ተብዬ ልጆቼ ከሰፈሩ ልጅ ጋር እንዲያድጉ አልፈልግም።"

አቶ እንደሻው በዚህ ዕድሜያቸው ከእሳቸው የሚያንስ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፉ። "ከቃልህ ፈትቼሃለሁ" አሉት። "ግን አንተ አትናገር። በቃል ያሰርኩህ እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ። እሑድ ብቻ እንዳትቀር።"

"እመጣለሁ ኢንሻአላህ" አለ ነስሮ። አምኗቸው እንደሆነ ግን ከፊቱ አልተነበበም።

እሑድ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። በሌላ ዓመት ሰው የሚመጣው ለሳምቡሳው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ለጠብ ነው የመጣው። ነስሮን የሚያምኑት በግራ፣ የማያምኑት በቀኝ ተቀምጠዋል። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለም፤ በራሳቸው ተለያዩ። ነስሮ ከኋላ በር አጠገብ ቆሟል። ደምሴ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። እትዬ ሮማነወርቅ፣ ሰፈሩ የሚፈራው አንደበት ባለቤት፣ መሐል ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ጉብ ብለዋል።

አቶ እንደሻው ተነሡ። የተተየበውን ሪፖርት ገለጥ አደረጉና መልሰው አጠፉት።

"ይህ ወረቀት ዓመቱ ያለ እንከን አለፈ ይላል" አሉ። "ውሸት ነው። ወረቀቱ አይደለም የዋሸው፣ እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። አምና ምን ቃል እንደገቡ፣ ወንበርና ድስት ለማሟላት አስበው ወንበሩ እንደተሟላ፣ ድስቱ እንደቀረ፣ የቀረውም ማንም ስላልተከታተለው መሆኑን። ከዚያ ድንኳኑ ላይ ደረሱ። እርጥቡን እጠፍ ያሉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ደምሴ ይስጣ ብሎ እንደለመናቸው፣ ነስሮን አስምለው ዝም እንዳሰኙት፣ ባጃጁ የጫነው የበሰበሰ ሸራ እንጂ የተሸጠ ዕቃ አለመሆኑን አንድ በአንድ ነገሩ።

ሲጨርሱ ሐጂ ዓብዱላሂ፣ ነገሩ እንዳይከር ሰግተው፣ እንደ ወትሮው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "ያ ረቢ፣ ይህን ጉባኤ…"

"ምርቃቱ ይቆየን ሐጂ" አሉ አቶ እንደሻው።

ሐጂ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ማህበር ተሰምቶ አይታወቅም። "ምርቃት ይቆያል እንዴ እንደሻው?"

"ይቆያል። እስከ ዛሬ የእርስዎን ዱዓ ሰው እንዳይጠይቀኝ መሸሸጊያ አድርጌዋለሁ። በድያለሁ። ዛሬ መጀመሪያ ይጠየቅ። የተጠየቀና የተመለሰ ነገር ሲመረቅ ነው የሚያምረው።"

ሐጂ ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ። ጥቂት አሰቡና "ልክ ብለሃል" አሉ። "ዱዓ ለጠራ ነገር ነው።"

መጀመሪያ የተነሡት እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አፍዎን ለጎመው?" አሉ። "ሰው ሐሜት ላይ የወደቀው እርስዎ ዝም ስላሉ እኮ ነው! እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩ።"

"እውነትዎን ነው" አሉ አቶ እንደሻው። "ያዩትን ተናገሩ። ያላዩትን ሌላው ሞላው። ቀዳዳውን የተውኩላችሁ ግን እኔ ነኝ። መፍራት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዳታከብሩኝ ፈራሁ።"

ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ጎርፍ መጣ። አንዳንዱ ተቆጣ። አንዱ ጎረምሳ ሊቀመንበሩ ይውረድ አለ፤ እሳቸውም ዛሬውኑ ምርጫ ይደረግ አሉ። ድስቱ ለምን ቀረ፣ ግምጃ ቤቱን ማን ያያል፣ ሪፖርት ለምን በዓመት አንዴ ብቻ ይሰማል ተባለ። የሚያውቁትን መለሱ፤ ለማያውቁት "አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ" አሉ። የገረማቸው ነገር፣ አላውቅም ባሉ ቁጥር የሰው ፊት እየበረደ መሄዱ ነው። ከዚያ ድንገት አንድ ጠና ያለ ሰው ከቀኝ በኩል ተነሣና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ስለ ወንበር ከተነሣ… የማህበሩ ጥቂት ወንበሮች እኔ ቤት አሉ። ልጄን ስድር ወስጄ ሳልመልስ ቀርቼ፣ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ዝም አልኩ።"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ሴት "ትልቁ ጀበና እኔ ጋ ነው፣ ይቅርታ" አለች። ሌላውም ገመዱ እሱ ቤት እንዳለ አመነ። እትዬ ሮማነወርቅ ሳይቀሩ የማህበሩን ፋኖስ መብራት በጠፋ ጊዜ ወስደው እስከ ዛሬ እንደሚያበሩበት ተናዘዙ። አንዱ እውነት ሲወጣ ሌላውን እጁን ይዞ ያወጣዋልና፣ አንዳንዱ ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለሰ።

ሀቢባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ነስሮ ፊት ቆመች። "ጋሽ ነስሮ፣ ባልሠሩት ፊቴን አዞርኩብዎት። አውፍ ይበሉኝ" አለች። ነስሮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያን ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ከቀኝ በኩል ተነሥተው መጥተው ጨበጡት። ከዚያ በኋላ ማን በግራ፣ ማን በቀኝ እንደነበር አልተለየም።

ጉባኤው ብዙ ነገር ወሰነ። አዲስ ድንኳን እንዲገዛ፤ ከእንግዲህ ድንኳን የነቀለ ሰው ሳያሰጣ ወደ ቤቱ እንዳይገባ፣ ማድረቁን የሚያረጋግጡ ሁለት ሰዎች በየተራ እንዲመደቡ፤ የሆነው ሁሉ፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ በየሦስት ወሩ ለአባላት እንዲነገር፤ ምርቃትም ከጥያቄ በኋላ እንዲሆን። ደምሴን የሚያባርር አልተገኘም። እንዲያውም "ይስጣ ብሎ ነበርና" ተብሎ የማድረቁ ነገር ኃላፊ ተደረገ። አቶ እንደሻው ሊቀመንበርነቱን ለመልቀቅ ሲነሡ፣ "ቀዳዳውን የከፈተ ይስፋው፣ ለአንድ ዓመት ይቆዩ፣ ከዚያ እንመርጣለን" ተባሉ። አከበሯቸው ማለት አይደለም፤ ሊጠይቋቸው ነው። እሳቸው ግን ከድሮው ጭብጨባ ይልቅ ይህ አስደሰታቸው።

አንባቢ ሆይ፣ አደራ ተቀብለህ የምትመራው ነገር ካለ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ይህን ልብ በል። ጥፋትህን ከራስህ አፍ የሰማ ሰው ይቆጣሃል፤ ከሌላ አፍ የሰማ ግን አያምንህም። ቁጣ ይበርዳል። የጠፋ እምነት ግን በአንድ ቀን ፀሐይ አይደርቅም።

በመጨረሻ ሐጂ ዓብዱላሂ ተነሡ። እጃቸውን ሊዘረጉ ጀመሩና፣ መለስ አድርገው ዙሪያውን አዩ።

"ከመመረቄ በፊት" አሉ እየሳቁ፣ "ጥያቄ ያለው አለ? ኋላ በኔ እንዳይመጣ!"

"እኔ አለኝ" አለ ነስሮ።

አቶ እንደሻው ልባቸው ደነገጠ። ስንብቱን የሚጠይቅ መሰላቸው።

"አዲሱ ድንኳን ሲገዛ" አለ ነስሮ፣ "የሚቀመጠው የት ነው?"

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ ግን ፊታቸውን ወደ ጉባኤው መለሱ፤ ይህ የእሳቸው መልስ እንዳልሆነ አውቀዋል። ያን ጊዜ ከመሐል እትዬ ሮማነወርቅ ብድግ አሉ።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!" አሉ ተቆጥተው፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "ድሮ ከነበረበት ነዋ! አንተ ግቢ ካልተቀመጠ የት ሊቀመጥ?"

ነስሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐጂ ዓብዱላሂ እጃቸውን ዘረጉ፤ መረቁ። አዳራሹም በአንድ አፍ አሜን አለ።